አሥራ አራት ቀን ለሐምራዊው ዓሣ

ሰኞ፣ ሐምሌ 7። ጠዋት 1፡20

ዝናብ። ከሌሊት ጀምሮ አላባራም። እንጦጦ አይታይም፤ ጉሙ እስከ ፈረንሳይ ሰፈር ወርዷል። የነበርነው፦ እኔ፣ የሌሊት ጥበቃው ጋሽ ቶሎሳ (ሊወጡ ሲሉ ጃንጥላቸው ጠፍቶባቸው)፣ ዓሣው።

ሙቀት 26። ጨው 25። መድኃኒት 2፤ ሙሉ ልኩ ላይ ደረሰ። ትንፋሽ (ት.) በደቂቃ 118። ነጠብጣብ፦ በግራ ጎኑ እስከ ሠላሳ አንድ ቆጥሬ ተውኩት። በቀኙ ይበዛል። አልበላም።

ስለዚህ ዛሬ ቀን አንድ። መድኃኒቱ አሥራ አራት ቀን ሙሉ ከሁለት ሳይወርድ መቆየት አለበት። ከወረደ ቆጠራው እንደ አዲስ ከአንድ ይጀምራል። የመድኃኒቱ ወረቀት እንዲህ ይላል፤ ምክንያቱን አይነግርም። ምክንያቱን ከሌላ ወረቀት አገኘሁት፦ ነጩ ነጠብጣብ ተባይ ነው። ከዓሣው ላይ ጠግቦ ይወድቃል፣ ታች ተጣብቆ ይራባል፣ ከዚያ ልጆቹ ዓሣ ፍለጋ ይዋኛሉ። መድኃኒቱ የሚገድለው የሚዋኙትን ብቻ ነው። ዓሣው ላይ ያለውንም፣ ታች የተጣበቀውንም አይነካም። ስለዚህ ሁሉም በየተራው እስኪዋኝ ይጠበቃል። ጥበቃ ነው ሥራው።

በእስቶሩ ያለው ደብተር ለቁጥር ነው፤ የክሊኒኩ ዶ/ር ልታየው ትችላለች። አንተ የግሌ ደብተር ለቀረው ነህ።

ማክሰኞ፣ ሐምሌ 8። ጠዋት

ት. 115። ጨው 25። አልበላም። ቱቦው ውስጥ ገብቶ ጅራቱን ብቻ ያሳያል። ጅራቱ ቢጫ፣ ሌላው ሐምራዊ። ሐምራዊው ደብዝዟል፤ የታጠበ ነጠላ ጥለት ይመስላል።

እስቶሩ ጠባብ ነው። ስድሳ ሊትር የሚይዝ መስታወት በአሮጌ የሕመምተኛ ጠረጴዛ ላይ። ማሞቂያ፣ አየር መንፊያ፣ ስፖንጅ፣ መደበቂያ የሚሆነው ቁራጭ የውሃ ቱቦ። አሸዋ የለም፣ ድንጋይ የለም፤ መዳቡን ይጠጣሉ። መድኃኒቱ መዳብ ነው። በማደንዘዣ ስሪንጅ እለካዋለሁ፣ መርፌው ተነቅሎ። ከዓሣው ሆድ በታች ያለውን በጥርስ መስታወት አያለሁ። የጥርስ ክሊኒክ መሆኑ ለዚህ በጀን።

የተማርኩት ከቁርጥራጭ ነው። ስምንተኛ ክፍል ላይ አቆምኩ። ትልቁን አኳሪየም በመጠበቂያው ክፍል የተከለው ሰውዬ ሥራውን ትቶ ሲሄድ ሽፋን የሌለው መጽሐፍ ጥሎ ሄደ፤ ከገጽ 41 ይጀምራል። የቀረውን ከመድኃኒት ጠርሙስ፣ ከጨው ከረጢት፣ ከካርቶን ለቃቀምኩ። እንግሊዝኛው በመዝገበ ቃላት ነው። መዝገበ ቃላቴ የመጀመሪያዎቹ ፊደሎች ተገንጥለውበታል፤ «ኮፐር» የምትለውን ቃል ፈልጌ አጣሁ። መዳብ ማለት እንደሆነ የነገረኝ ሶኬት ሊሠራ የመጣ ኤሌክትሪሺያን ነው። ለምን እንደፈለግሁት ሲሰማ ሽቦ ቆርጦ ሊሰጠኝ ነበር።

ሐሙስ፣ ሐምሌ 10። ከቀኑ 7፡00

ቀን 4። ት. 110። ነጠብጣቡ ያው። ከመስታወቱ ጋር መፋተጉን ቀንሷል።

ዶ/ር ሶስና መጣች። የክሊኒኩ ባለቤት። (ፊት ለፊት «እርስዎ» እላታለሁ። እዚህ በዕድሜዋ ልጥራት፤ በአሥር ዓመት እበልጣታለሁ።) ወደ ውስጥ አልገባችም፤ በሩ ላይ ቆመች። ስንት ቀን ቀረው አለች። ነገርኳት። አልተቆጣችም። ይሄም ከሞተ ትልቁን መስታወት እንደምታነሳ፣ በቦታው ቴሌቪዥን እንደምትሰቅል ነገረችኝ። ስለ ጥርስ እንደምትናገር ነው የተናገረችው። የሚድን ከሆነ እንሙላው፤ ካልሆነ ይነቀል።

ትልቁን መስታወት አፅድቼዋለሁ። ድንጋዩን አፈላሁት፣ ውሃው በሙሉ ተቀይሯል። ንጹሕ ነው። ባዶ ነው። ልጆች አፍንጫቸውን አስደግፈው ያዩና ወደ እናታቸው ይዞራሉ።

በሽታው የገባበትን መንገድ ልጻፍ፤ የትም አልጻፍኩትም። በሰኔ ዶ/ር ሁለት ብርቱካናማ ዓሦች በላስቲክ ይዛ መጣች። ልጆች እየጠበቁ ነበር። አዲስ ዓሣ ለብቻው ሳምንታት ቆይቶ ነው ከነባሩ የሚቀላቀል። ገጽ 52። አንብቤዋለሁ፤ አረፍተ ነገሩ አፌ ላይ ነበር። ጨምሪያቸው አለች። ጨመርኳቸው። በዘጠኝ ቀን ሁለቱም ሞቱ፤ ነባሩ ትንሽዬ ነጭ ዓሣም ተከተለ። ሐምራዊው ብቻ ቀረ። ዶ/ር እንደ መጥፎ ዕድል ወሰደችው። እኔ ዕድል አልለውም። አልተናገርኩም፤ ያ ነው።

ሐምራዊው እዚህ ስድስት ዓመት ሆነው። ከቀይ ባሕር በጅቡቲ በኩል መጣ። ያኔ ሳንቲም ያክል ነበር፤ አሁን መዳፍ ያክላል። ወለል ስወለውል በመስታወቱ ዳር መወልወያውን ይከተላል። ሰውን አይከተልም፤ መወልወያውን ነው።

ቅዳሜ፣ ሐምሌ 12። ጠዋት

ቀን 6። ት. 97። ከነጠብጣቡ ከግማሽ በላይ ረገፈ። ደስ አላለኝም። ወረቀቱ ሁለት ጊዜ ከሥሩ አስምሮ አስጠንቅቋል፦ መርገፍ መዳን አይደለም።

ማታ ከ2 እስከ 4 ሰዓት መብራት ሄዶ ነበር። ጋሽ ቶሎሳ ናቸው ያዳኑት። አየር መንፊያው ሲቆም ምን እንደሚደረግ አስቀድሜ አሳይቻቸዋለሁ፦ በጆግ ቀድቶ፣ አንድ ክንድ ከፍ አድርጎ፣ ቀስ ብሎ መልሶ ማፍሰስ። ውሃው ከአየር ጋር ይገናኛል። ሁለት ሰዓት ሙሉ አደረጉት። በኦሮምኛ እየቆጠሩ፣ መቶ ሲሞላ እያረፉ።

ገበሬ ነበሩ። መሬታቸው ከተራራው ሥር፣ አሁን ኮንዶሚኒየም የቆመበት። ዓሣውን እንደ ከብት ነው የሚጠይቁት። ጠዋት ጠዋት ሲያስረክቡኝ «አመነዠከ ወይ?» ይሉኛል። አላመነዠከም እላለሁ። «እንግዲያ ገና ነው» ይላሉ። ሳይስቁ።

ዶ/ር አንድ ጊዜ አስጠንቅቃቸዋለች። ለፋሲካ የገዙትን በግ ግቢው ውስጥ አስረው፣ በጉ ገመዱን ፈትቶ የበሩን አበባ በሙሉ ጨረሰው። ሁለተኛ ነገር ካየሁ አብረን አንሠራም አለቻቸው። ቃሏን ታከብራለች።

ዛሬ ሚካኤል ነው። ጋሽ ቶሎሳ ከሥራ ወጥተው ቀጥታ ሽቅብ፣ ወደ እንጦጦ ጠበል ሄዱ። ባዶ ጀሪካን ይዘው፣ በዚህ ዝናብ።

ሰኞ፣ ሐምሌ 14። ከቀኑ 6፡30

ቀን 8። ት. 88። ነጠብጣብ አራት። መድኃኒት ወደ 2 የሚጠጋ። ጨው 23 ተኩል።

በላ። መጻፍ ያለብኝ ይህን ነበር፤ በመጀመሪያ መጻፍ ነበረብኝ።

ምግቡ የሆነው የባሕር ሣር ዱቄት አልቆብኛል። ሌሎች ሰላጣ ይሰጣሉ የሚል አንብቤ ጠዋት ሾላ ገበያ ወረድኩ። ሻጯ አንድ ራስ ብቻ ስገዛ ለስንት ሰው ነው አለችኝ። ለአንድ አልኳት። ለባልሽ? ለዓሣ። ጎኗ ወዳለችው ሻጭ ዞረች። «ሰምተሻል? እኛ ዓሣውን አጥተን፣ ዓሣው ሰላጣ ያማርጣል።» ከዚያ የደረቀውን ቅጠል ገንጥላ ጣለችና ደህናውን ሰጠችኝ። በሽተኛ መሆኑን ስነግራት አንድ ቆስጣ ጨመረችበት።

ቅጠሉን በፈላ ውሃ አለዝቤ በቱቦው ላይ አሰርኩት። ወጣ። ዞረው። ሁለት ጊዜ ነከሰ፣ በሦስተኛው ቀደደ። ትናንት ከሰጠሁት በላስቲክ ከታሸገው ሽሪምፕ አንድም አልነካም ነበር።

ጨው ለምን ወረደ? ውሃ ሲተን ጨው ይቀራል፤ ስለዚህ የምጨምረው ጨው የሌለበት ውሃ ነው። ምናልባት አብዝቼ ይሆናል። በመስታወቱ ላይ ፕላስተር ለጥፌ መስመር አበጅቻለሁ፣ እስከዚያ ብቻ እሞላለሁ። መስመሩ ላይ ነው። ነገ አልጨምርም።

ረቡዕ፣ ሐምሌ 16

ቀን 10። ት. 87። ጨው 22።

ምንም አልጨመርኩም። ውሃው ግን መስመሩ ላይ ነው፤ ሁለት ቀን ምንም ያልተነነ ይመስላል። እርጥበቱ ይሆን?

መለኪያው ተበላሽቷል ብዬ አጠብኩት። በተጣራ ውሃ ሞከርኩት፤ ልክ ነው። አዲስ የጨው ውሃ በጥብጬ ሞከርኩት፤ ልክ ነው። መለኪያው ደህና ነው። እኔ ነኝ እንግዲህ። ዓይኔን ተጠራጠርኩ። የዶ/ርን አሮጌ ማጉያ መነጽር አድርጌ እንደገና አነበብኩ። 22።

ጨው መቀነስ ዓሣውን አይጎዳም ይላል ወረቀቱ፤ በፍጥነት ከፍ ማድረግ ነው የሚጎዳው። ስለዚህ አልነካሁትም።

ሐሙስ፣ ሐምሌ 17

የመዳብ መመርመሪያው ጠብታ ሊያልቅ ነው። ቆጥቤ በሳምንት ሁለት ጊዜ ነው የምሞክር። ዛሬ ሞከርኩ።

አንድ ተኩል።

ደገምኩት። አንድ ተኩል። ከቀለም ካርዱ ጋር በመስኮቱ ብርሃን አስጠግቼ አየሁት፣ በአምፖሉም አየሁት። ሁለት አይደለም። ጨው 21። ት. 93፤ ጨምሯል። ነጠብጣብ ግን የለም። አንድም።

እስቶሩ ደብተር ላይ ቁጥሩን ጻፍኩ፤ «ቀን 11» የሚለውን አልጻፍኩም።

ዓርብ፣ ሐምሌ 18። ከምሽቱ 12፡30፣ ቤት

ሌሊቱን አስቤበት ነበር። ጠዋት ወለሉን ስወለውል ገባኝ። መዳብ ብቻውን ቢወርድ ስፖንጁ ጠጣው ይባላል። ጨው ግን የሚጠጣው የለም። ሁለቱ አብረው የሚወርዱት ውሃ ሲገባ ነው። ውሃ ከገባ ደግሞ ከመስመሩ ማለፍ ነበረበት። አላለፈም። ስለዚህ የገባውን ያህል ይወጣል። አንድ ሰው ቀድቶ ያወጣል፣ በምትኩ ይጨምራል። በጥንቃቄ፣ ፕላስተሩ ጋ አድርሶ።

የእስቶሩን ቁልፍ የያዝነው እኔና ጋሽ ቶሎሳ ነን።

ቀን ቆሻሻ ልጥል ወጣሁ። ከጥበቃ ቤቱ ደጃፍ በቀለም ቆርቆሮ የተከሉት ጤና አዳም አለ፤ የእሳቸው ነው። በሐምሌ ዝናብ ጫፍ ጫፉ ተቃጥሏል። አፈሩ ላይ ነጭ ቅርፊት። በጣቴ ነክቼ ቀመስኩት። ጨው።

11 ሰዓት ላይ ለሌሊቱ ፈረቃ መጡ። ጤና አዳሙ ምን ሆነ ብዬ ጠየቅኳቸው። ጠበሉ አቃጠለው መሰለኝ አሉ። ምንም አልደበቁም። ከሚካኤል ማግስት ጀምሮ በየንጋቱ፣ ጸሎታቸውን ጨርሰው፣ እኔ ሳልመጣ፣ አንድ ባለ ሁለት ሊትር ሃይላንድ ጠበል ይጨምሩበታል። መጀመሪያ በጆጉ ያንኑ ያህል ይቀዳሉ። የተቀዳው ጠበል የነካው ስለሆነ እግር በሚረግጠው ቦታ፣ በሽንት ቤት አይደፋም፤ ለጤና አዳሙ ይሰጣል። አገራቸው ላይ ለታመመ ከብትም እንዲህ ይደረግ ነበር።

«መስመርሽን አልነካሁም» አሉኝ። «ፕላስተሩ ጋ ሲደርስ አቆማለሁ።»

ለምን አልነገሩኝም አልኳቸው። ካፖርታቸውን ቆለፉ፣ ፈቱ።

«አንቺ ሙስሊም ነሽ፣ ዘይነቢ። ብነግርሽ እሺ ማለቱም እምቢ ማለቱም ይቸግርሻል። ለራሴ ያዝኩት።»

አግዳሚው ላይ ተቀመጥኩ፤ እሳቸውም ተቀመጡ። ጠበሉ ራሱ ዓሣውን አልጎዳውም፤ ምንጭ ነው፣ ክሎሪን የለበትም። የቧንቧውን ውሃ ሁለት ቀን በባልዲ ካላሳደርኩ አልጨምረውም። ይህን ነገርኳቸው፤ ቅር እንዳይላቸው። ከዚያ ሌላ ነገር ጠየቅኳቸው፦ ላም ትል ቢኖርባትና ከመድኃኒቱ ግማሹን ብቻ ቢሰጧትስ?

«ከነጭራሹ ባይሰጣት ይሻላል። ትሉ ይለምደ…» አሉና ቆሙ። ባዶውን ሃይላንድ አዩት። ልጨርስላቸው አላስፈለገም።

«አቅጥኜበታለሁ።»

«አዎ።»

«ማል ጎና?» አሉ። ምን እናድርግ ማለት ነው፤ ያን ያህል ኦሮምኛ አውቃለሁ። ቆጠራው ከአንድ ይጀምራል አልኩ። ስንት ቀን ሆኖት ነበር አሉ። ስድስት ንጋት ጨምረውበታል። በጣታቸው ቆጠሩ። «ስድስት ቀኑን በላሁበት» አሉ።

ጠበሉን ከመስታወቱ ውጭ መርጨት ይቻላል አልኳቸው። አሰቡበት። «ከውጭም ይሆናል» አሉ። «እግዜር በመስታወት ያልፋል።»

መድኃኒቱን ትንሽ ከፍ አድርጌ ወጣሁ። በአንድ ጊዜ ሁለት አይደርስም፤ ዓሣውን ይመታዋል። ሰኞ ጠዋት ይደርሳል ብዬ አስቤአለሁ።

ቅዳሜ፣ ሐምሌ 19። ከቀኑ 8፡00

ት. 98። ነጠብጣብ የለም። ትንፋሹ እየጨመረ ነው፤ ተባዩ ከመተንፈሻ ስንጥቡ ሥር፣ ማየት በማልችልበት ቦታ አለ ማለት ነው። ሰላጣውን ግማሽ በላ።

ዶ/ር በሁለት በሽተኞች መሃል ጓንቷን ሳታወልቅ መጣች። ዛሬ ገባች። ጎንበስ ብላ በራሷ መነጽር አየችው፤ በግራ፣ በቀኝ። ነጭ የለበትም አለች። የለበትም አልኩ። ብትማሪ ሐኪም ይወጣሽ ነበር አለችኝ። ከልቧ ነው። እንዲህ ስትስቅ ካየኋት ቆይቷል።

ሰኞ የልጆች ቀን ነው። 2፡30 በሽተኛ ሳይገባ ትልቁ መስታወት ውስጥ ይግባ አለች። ለልጆቹ ለነገሩ ቴሌቪዥን አልፈልግም፣ ጥርስ ከመነቀሉ በፊት የሚያዩት የሚንቀሳቀስ ነገር ይበቃቸዋል አለች። ደብተሩ ጠረጴዛው ላይ ክፍት ነበር። አንድ ተኩል የሚለው ወደ እሷ ዞሮ ነበር። አላየችውም። ዓሣውን ነው ያየችው፤ ዓሣው ደግሞ አምሮበታል።

እሺ አልኩ።

ምን እንደሆንኩ አላውቅም። በሩ ላይ ጠሩዋት፣ ሄደች። እሺ ያልኩት ቃል ሳይመለስ ቀረ።

እሑድ፣ ሐምሌ 20። ቤት፣ ከሰዓት

ዝናብ፣ ቀጭን። ከጓዳው መስኮት ተራራው ግማሹ ይታያል። ልብስ አላጠብኩም።

ጠዋት ሄጄ መድኃኒቱን ጨምሬ ተመለስኩ። 1 ከ¾ የሚመስል። ት. 99።

ጋሽ ቶሎሳ ስልክ ደወሉ። ለዶ/ር ራሴ ልንገራት አሉኝ። ሽማግሌ ነኝ፣ ጥበቃ የትም ይገኛል፣ የሲግናል ሰፈር ሕንፃ ሁሉ ጥበቃ ይፈልጋል አሉ። የትም አይገኝም። በእሳቸው ዕድሜ፣ ዋስ በሚጠየቅበት ጊዜ። ቆዩ አልኳቸው። ዓሣው አመነዠከ ወይ አሉ። ትንሽ አልኩ። ስልኩን ሳይዘጉት አስቀመጡት፤ ለባለቤታቸው ስለ እኔ ሲያወሩ ሰማሁ። «ዘይነቢ አልተቆጣችም» ሲሉ። ዘጋሁት።

እንግዲህ ልጻፈውና ልየው።

ነገ ከመለስኩት ለአንድ ሳምንት፣ ምናልባት ለሁለት ያምርበታል። ልጆች ይደሰታሉ። ዶ/ር ትደሰታለች። ጋሽ ቶሎሳ ሥራቸው ላይ ይቆያሉ። ማንም ምንም አይጠይቅም። ከዚያ ነጩ ይመለሳል። በትልቁ መስታወት መዳብ ማድረግ አይቻልም፣ ድንጋዩ ይጠጣዋል። እንደገና ለመያዝ መረብ ይዤ ሳሳድደው አቅሙን ይጨርሳል። ይሞታል። ሲሞት ሕክምናው አልሠራም ይባላል። መዳቡ፣ ወረቀቱ፣ እኔም አንድ ላይ። ስለ ስድስቱ ንጋት የምናውቀው ሁለታችን ብቻ እንሆናለን።

ካልመለስኩት ለምን ትላለች። ቀጥኗል እላለሁ። በምን ትላለች።

እዚህ ላይ ነው የምቆመው። ውሸት አይሆንልኝም፤ ፊቴ ይቀድመኛል።

ሻይ አፈላሁ። ተመለስኩ።

ጆጉን የሰጠኋቸው እኔ ነኝ። እንዴት ቀድተው እንደሚያፈሱ ያሳየሁ እኔ ነኝ። ምን እንደማይጨመር አልነገርኳቸውም። መስመሩን ያሰመርኩት እኔ፤ መስመሩ ልክ ከሆነ ሁሉም ልክ ነው ያልኩት እኔ። አሥረኛው ቀን ላይ ጨው 22 ሲሆን ዝም ያልኩት እኔ። ይህ ሁሉ እውነት ነው። ስም ሳልጠራ ይህን ሁሉ መናገር እችላለሁ። ስም ከጠየቀችኝ እነግራታለሁ፤ ለምን እንዳደረጉትም እነግራታለሁ፤ ሁለት ሰዓት በጆግ ያዳኑትንም በዚያው ላይ። አንዱን ያለ ሌላው አልነግራትም።

ከሥራ የምትወጣው እኔ ብሆንስ? ይሁን። አይ፣ ይሁን ማለት ቀላል ነው። ኪራዩ አለ። አይሁን።

ግን አልመልሰውም። ተወስኗል። መስጂዱ አሰር እያለ ነው፤ ልሰግድ።

ሰኞ፣ ሐምሌ 21። ጠዋት

12፡40 ከቤት ወጣሁ። ዝናብ የለም፣ ቀዝቃዛ። ታክሲ አላገኘሁም፣ በእግሬ ወረድኩ።

1፡15 ገባሁ። ጋሽ ቶሎሳ መስታወቱን ከውጭ ረጭተው ደርቋል፤ የጠበሉ ጠብታ ምልክት ቀርቷል። አልወለወልኩትም።

1፡20 ሙቀት 26። ጨው 21። ት. 101፣ ሦስት ጊዜ ቆጠርኩ። ነጠብጣብ፣ በቀኝ ክንፉ ሥር አንድ። ማጉያውን አድርጌ አየሁት። አንድ ነው፣ አለ።

1፡30 መዳብ ለካሁ። ከመመርመሪያው የቀረው ለሁለት ጊዜ የሚሆን ነው፤ አንዱን ተጠቀምኩ። በመስኮቱ ብርሃን ተጠራጠርኩ። ጋሽ ቶሎሳ ባትሪያቸውን አብርተው ያዙልኝ። ሁለት።

1፡40 እስቶሩ ደብተር ላይ አዲስ ገጽ ከፈትኩ። ከላይ፦ «ከሐምሌ 13 እስከ 18 ውሃው ቀጥኗል። መድኃኒቱ ከልኩ ወርዶ ነበር። አላየሁም። ሕክምናው እንደገና ይጀምራል።» ከሥሩ፦ «ቀን 1።» ፈረምኩ። ሙሉ ስሜን፣ ከነአባቴ።

1፡45 ቅጠል አለዘብኩ። አሰርኩለት። ወጣ፣ አየው፣ ቀደደ።

1፡50 መረቡንና ባልዲውን ወደ ላይኛው መደርደሪያ አወጣኋቸው። ወንበር ላይ ቆሜ።

2፡00 ትልቁን መስታወት ወለወልኩ። ባዶውን። መብራቱን አበራሁለት።

2፡05 ጋሽ ቶሎሳን ፈረቃዎ አልቋል፣ ይሂዱ አልኳቸው። ጤና አዳሙን አፈሩን እየቀየሩ ነበር። እሺ አሉ። አልሄዱም።

2፡10 የመጀመሪያዋ ልጅ ከእናቷ ጋር ገባች። ዓሣው የታለ አለች። ታሟል አልኳት። ጥርሱን ነው? አለች። አይደለም።

2፡20 የዶ/ር መኪና ገባ። ጋሽ ቶሎሳ በሩን ከፈቱ፣ ኮፍያቸውን አወለቁ፣ ከኋላዋ ተከተሉ። ደረጃው ላይ ቆሙ። ዶ/ር ቦርሳዋን እንደያዘች ወደ ባዶው መስታወት አየች፣ ከዚያ ወደ እኔ። እስክትጠይቀኝ አልጠበቅሁም።

«አልመለስኩትም፣ ዶክተር» አልኳት። «ገና ነው።»